በእግሩ የሚሄደው ሰው የት ገባ?

የአዲስ አበባን የማታ ፎቶ ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሰማዩ ጥቁር ሰማያዊ ነው። ሰንጋ ተራ ያለው የንግድ ባንክ ሕንፃ ከሌሎቹ ሁሉ አንገቱን አስግጎ መሀል ላይ ያበራል። ከሥር የመኪኖች መብራት አንዱ መስመር ቀይ፣ አንዱ መስመር ነጭ ሆኖ እንደ ወንዝ ይፈሳል። ይሄ ፎቶ ኢንስታግራም ላይ አለ፣ ቴሌግራም ቻናሎች ላይ አለ፣ የግድግዳ ካላንደር ላይም አለ። «ከተማችን ተለወጠች» የሚለውና «ለማን ነው የተለወጠችው» የሚለው ሲከራከሩ ሁለቱም እሱኑ ፎቶ ይለጥፋሉ።

ያነሳው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ባለሙያ አይደለም። አካውንታንት ነው፣ ነርስ ነች፣ ሳይት ላይ የሚውል መሐንዲስ ነው፤ ወይም እንደኔ ሳምንቱን ሙሉ ኮድ ሲጽፍ የሚከርም ሰው ነው። ቅዳሜና እሑድ ካሜራውን፣ ካሜራ ከሌለው ስልኩን ይዞ ይወጣል። ጣራ ላይ የሚያስወጣ ካፌ ይፈልጋል፣ ከጥበቃው ጋር ይደራደራል፣ ማኪያቶ አዝዞ እስኪመሽ ይጠብቃል። እኔም ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ሦስት ዓመት ያህል እንዲሁ ስወጣ ቆይቻለሁ፣ ስለዚህ የምጽፈው ከውጭ ሆኜ አይደለም። አንድ ሰው ለይቼም አልተችም። መተቸት የፈለግኩት ሁላችንም ደጋግመን የምናነሳውን ያንን አንድ ፎቶ ነው። ጥያቄዬ ደግሞ ይሄ ነው፦ እዚያ ውስጥ በእግሩ የሚሄደው ሰው የት ገባ?

ጥያቄው የሚገርመው ሰዓቱን ስታስቡት ነው። ፎቶ አንሺዎች «ብሉ አወር» የሚሉት፣ ፀሐይ ጠልቃ ሰማዩ ገና ሳይጨልም ሰማያዊ ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ አለ። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች እዚህ ምሽቱ ቶሎ ነው የሚጨልመው፤ ሰማያዊው ግማሽ ሰዓት ያህል ቢቆይ ነው። እንደ ወሩ ትንሽ ወዲህ ወዲያ ይበል እንጂ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከሩብ እስከ 1 ሰዓት ባለው መሀል ይውላል። ያ ሰዓት ምን እንደሆነ የዚህ ከተማ ሰው ሁሉ ያውቃል። ቢሮው የሚወጣበት፣ ሱቁ የሚዘጋጋበት፣ ሜክሲኮና ስታዲየም ሰው ከእግረኛ መንገዱ ተርፎ አስፋልት ላይ የሚሄድበት ሰዓት ነው። በቀኑ ውስጥ ብዙ ሰው እግሩ ላይ የሚሆንበት ደቂቃ ቢፈለግ ከዚህ ሩቅ አይገኝም። እኛ በዚያው ደቂቃ ያነሳነው ፎቶ ላይ ግን ሰው የለም።

ምክንያቱ ሒሳብ ነው። የመኪናው መብራት ወንዝ እንዲመስል ሹተሩን ለረጅም ጊዜ ክፍት መተው ያስፈልጋል፤ 30 ሴኮንድ እንበል። አንድ ሰው በደህና እርምጃ በሴኮንድ 1.4 ሜትር ገደማ ይሄዳል። የሰውነቱን ስፋት ግማሽ ሜትር ብንለው፣ አንድን ቦታ ሸፍኖ የሚቆየው ከ0.4 ሴኮንድ ላነሰ ጊዜ ነው። ከ30 ሴኮንዱ ውስጥ የእሱ ድርሻ ከ1 በመቶ ትንሽ ቢያልፍ ነው። ቀሪው 99 በመቶ ገደማ አስፋልት ነው፣ ካሜራውም የሚመዘግበው አስፋልቱን ነው። መኪናው በምን ተረፈ? የራሱን መብራት ይዞ ስለሚሄድ። ባለፈበት ሁሉ ብርሃን እየጻፈ ያልፋል። እግረኛው የሚጽፍበት የለውም። እንግዲህ ያ ቆንጆ ፎቶ፣ ሳናስበው፣ ከተማዋን መኪና ባለውና በሌለው ይከፍላታል። መኪና ያለው ቀይና ነጭ መስመር ይሆናል። የሌለው አልነበረም።

ይሄ ጉዳይ ከፎቶግራፍ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1838 ሉዊ ዳጌር ፓሪስ ውስጥ ቡልቫር ዱ ቶምፕል የሚባለውን ጎዳና ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ አነሳ። ጎዳናው ሰውና ጋሪ የሚተራመስበት ነበር፤ ፎቶው ላይ ግን ጭር ብሏል። ምስሉ ሳህኑ ላይ እስኪቀረጽ ደቂቃዎች ይፈጅ ስለነበር የተንቀሳቀሰው ሁሉ ጠፍቷል። ከታች በግራ በኩል አንድ ሰው ብቻ ጎልቶ ቀርቷል፤ አንድ እግሩን አንስቶ ጫማውን እያስጠረገ የቆመ ሰው። ከፊቱ ጎንበስ ያለው ጠራጊውም ደብዝዞ ይታያል። ሰው ከሚታይባቸው ፎቶዎች ሁሉ ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱ ይሄ ነው። በአጭሩ፣ የሰው ልጅ የከተማ ፎቶ ውስጥ የገባው ሊስትሮ ጋ ስለቆመ ነው።

የእኛንም የማታ ፎቶ አጉልታችሁ እዩት። አስፋልቱ ዳር፣ ከመብራቱ ወንዝ ፈቀቅ ብሎ፣ ጭጋግ የመሰለ ጠቆር ያለ መስመር አንዳንዴ ታገኛላችሁ። የታክሲ ሰልፍ ነው። ካሜራው እንዲያየው ሰው መቆም አለበት፣ የታክሲ ሰልፍ ደግሞ ለ30 ሴኮንድ ሳይነቃነቅ መቆም አቅቶት አያውቅም። ስለዚህ ከዚያ ምሽት ሕዝብ ሁሉ ፎቶው ውስጥ መግባት የቻለው ትራንስፖርት ያጣው ነው። እኔ ከዚህ የበለጠ እውነተኛ ነገር በእነዚህ ፎቶዎች ውስጥ አላየሁም፤ ግን አብዛኞቻችን ኤዲት ስናደርግ ጥላውን አጥቁረን እሱንም እናጠፋዋለን።

ፊዚክስ ነው፣ ማንም ተንኮል አስቦ አይደለም። ጥያቄው ለምን ደስ እንደሚለን ነው። የኔ ግምት እንዲህ ነው፦ ዓይናችን የለመደው የግንባታ አጥር ላይ የሚለጠፈውን ምስል ነው። በኮምፒውተር የተሠራውን፣ ሕንፃው ገና መሠረቱ ሳይወጣ አልቆ የሚታይበትን፣ ሰማዩ ያለ ደመና፣ መንገዱ ያለ አቧራ የሆነበትን። ካሜራ ይዘን ስንወጣ ሳይታወቀን ያንን ምስል ፍለጋ ነው የምንወጣው፤ ከተማዋ ከአጥሩ ላይ ካለው ሥዕል ጋር የምትመሳሰልበትን ሠላሳ ሴኮንድ እንጠብቃለን። የሚያስቀው፣ የአጥሩ ምስል ላይ እንኳን ሰው አለ። ላፕቶፕ ቦርሳ ያንጠለጠለ ፈረንጅ ይሁን እንጂ፣ ነዳፊው ሕንፃው ባዶ እንዳይመስል ብሎ ሰው ለጥፎበታል። የእኛ ፎቶ እሱም የለውም።

በሌላኛው ጫፍ የቆመ ሥራ አለ። ግርማ በርታ ራሱን በራሱ ያስተማረ የአዲስ አበባ ፎቶ አንሺ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የጌቲ ኢሜጅስ ኢንስታግራም ግራንት ካገኙት ሦስት ሰዎች አንዱ ነበር። «ሙቪንግ ሻዶውስ» የተባለውን ተከታታይ ሥራውን የጀመረው በአይፎን ነው። መንገድ ላይ የሚያልፈውን ሰው ያነሳል፣ ከነጥላው ከጀርባው ቆርጦ ያወጣል፣ አንድ ወጥ ደማቅ ቀለም ላይ ብቻውን ያቆመዋል። ውጤቱ ያስደነግጣል። ነጋ ጠባ ዓይናችን የሚዘልለው ሸክም ተሸካሚ፣ ከጀርባው ምንም የሚሻማው ነገር ሲጠፋ፣ እንደ ሹም ሥዕል በክብር ይቆማል። አካሄዱን ታያለህ፣ የለበሰውን ታያለህ፣ ሸክሙን እንዴት እንዳመዛዘነው ታያለህ። በእግሩ የሚሄደውን ሰው ከመጥፋት ያወጣ ሥራ ነው፣ ለዚህም እወደዋለሁ።

ግን ከተማዋ እዚያ ውስጥ የለችም። ሰውዬው ከመርካቶ ይምጣ ከሽሮ ሜዳ አናውቅም። ከጥላው ርዝመት ሰዓቱን መገመት ይቻል ይሆናል፣ ቦታውን ግን አይቻልም። ግርማ ይሄን ያደረገው አስቦበት ነው፣ የሥራው ኃይልም እዚያ ላይ ነው። ያስቸገረኝ የሱ ምርጫ የሁላችን ስልክ ልማድ መሆኑ ነው። «ፖርትሬት» የሚለውን ስትነካው ስልኩ ፊትህን ጠብቆ የቀረውን ያደበዝዘዋል። «አጥፋ» የሚለውን ስትነካው ከኋላህ የሚያልፈውን ሰው ያነሳልሃል። «ናይት» ስትለው ብዙ ፎቶ አከታትሎ አንስቶ ይደራርብና የተንቀሳቀሰውን ያስተካክለዋል። ግርማ አስቦ የወሰነውን ውሳኔ የሚወስንልን አንድ ቦታ ቁጭ ብሎ ኮዱን የጻፈ ሰው ነው። ሥራው የኔ ሥራ ስለሆነ አውቀዋለሁ፤ ነባሪው ምርጫ ምን ይሁን የሚለው ስብሰባ ላይ ስለ ፒያሳ የሚያነሳ አይኖርም።

ፒያሳን ያነሳሁት በምክንያት ነው። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ ለኮሪደር ልማቱ ፒያሳ መፍረስ ሲጀምር፣ ዶሮ ማነቂያ ያደጉ ልጆች ያሉበት አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ነበርኩ። ግማሾቹ ዋሽንግተንና ዱባይ ናቸው። የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር፦ «የመንገዱ ፎቶ ያለው አለ?» ፎቶ ሞልቷል። ከላይ የተነሳው ሁሉ ላይ ፒያሳ አለ፤ ግን ቡኒ ቆርቆሮ ሆኖ፣ ለረጃጅሞቹ ሕንፃዎች መረማመጃ ሆኖ። በመጨረሻ የተገኘው ከሰርግና ከምርቃት አልበም ነው። ሙሽሮቹ ከፊት ቆመዋል፣ ከኋላቸው በአጋጣሚ ሱቁ፣ የሱቁ ሰማያዊ በር፣ በሩ ላይ የተቀመጡ አዛውንት። ግሩፑ ውስጥ ሙሽራዋን ያየ አልነበረም፤ ሁሉም አጉልቶ የሚያየው በሩን ነበር። አንዷ «ጋሼ እዚያ ነበሩ፣ እዩዋቸው» ብላ በቀይ ከበበቻቸው። የሰፈሩን ሰነድ ያቆዩት ሰፈሩን ሊያነሱ ያልወጡ ሰዎች ናቸው።

ማፍረስና ማንሳት አብረው የሄዱበት ከተማ ከዚህ በፊት ነበር። በ1860ዎቹ ኦስማን ፓሪስን ሲያፈርስና ሲሠራ፣ የከተማው አስተዳደር ሻርል ማርቪል የተባለውን ፎቶ አንሺ ቀጥሮ የሚፈርሱትን ጎዳናዎች አስነሳ። ከ400 በላይ ምስሎች ተረፉ፤ ዛሬ ስለ አሮጌዋ ፓሪስ የሚጽፍ ሰው ያለ እነሱ አይራመድም። ግን እነሱም ላይ መንገዱ በአብዛኛው ባዶ ነው። ድንጋዩ እርጥብ ሆኖ ያበራል፣ የሱቁ ጽሑፍ ይነበባል፣ ሰዉ ግን የለም። እዚህ አገር ደግሞ ሚካኤል ጸጋዬ በመለወጥ ላይ ያለችውን አዲስ አበባን ያነሳበትን ሥራ «ፊውቸር ሜሞሪስ» ብሎታል፤ የወደፊት ትዝታዎች። ርዕሱ ብቻውን ለኛ ለቅዳሜና እሑድ ፎቶ አንሺዎች ሥራ ይሰጣል፦ ዛሬ የምታነሳው ነገ ማን ምን ፈልጎ ያጎላዋል?

የሶፍትዌር ሰው ስለሆንኩ ነገሩን በኮድ ሞከርኩት። ሰውን ከፎቶ ለማጥፋት አንድ የታወቀ ዘዴ አለ። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አስረህ አንዱን ቦታ ደጋግመህ ታነሳለህ፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ፒክስል የሁሉንም ፎቶዎች ሚዲያን፣ ማለትም መሀለኛውን ዋጋ ትወስዳለህ። አስፋልቱ ሁሌም እዚያው ስለሆነ መሀለኛው እሱ ይሆናል፤ አላፊ አግዳሚው ይጠፋል። አንድ እሑድ ጠዋት ለገሃር አካባቢ ካለ ፎቅ ላይ ሆኜ በ30 ሴኮንድ ልዩነት 40 ፎቶ አነሳሁ። ሃያ ደቂቃ መሆኑ ነው። ኮዱ አሥር መስመር አይሞላም። ስታስኬደው ለገሃር እንደ ዳጌር ጎዳና ጭር አለች።

ከዚያ አንዷን መስመር ቀየርኩ። ከመሀለኛው ጋር የሚመሳሰለውን ከመምረጥ ይልቅ ከመሀለኛው በጣም የሚርቀውን እንዲመርጥ አደረግኩት። አስፋልቱ ጠፍቶ አላፊው ብቻ የሚቀርበት ማለት ነው። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ፎቶዎቹ የያዙት ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ብቅ አለ። ነጠላ አጣፍተው ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ እናቶች፣ ፍራሽ በጭንቅላቱ የተሸከመ ሰው (አርፎ ስለነበር ሁለት ቦታ ይታያል)፣ ሎተሪ አዟሪ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚሻገሩ ተማሪዎች፣ አንድ እየሮጠ ያለ ልጅ። እርስ በርስ ተደራርበው፣ አንዱ በአንዱ ትከሻ ውስጥ እያለፈ። ቆንጆ ፎቶ አይደለም፤ ሕንፃዎቹ ራሳቸው በሰዉ ተሸፍነው በቅጡ አይታዩም። ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው ሁለቱም ከአንዱ 40 ፎቶ የወጡ መሆናቸው ከበደኝ። ባዶዋም ከተማ፣ ሙሏም ከተማ ከአንድ ጠዋት ነው የወጡት። ልዩነቱ አንድ መስመር ነው፣ መስመሩን የሚጽፈው ደግሞ ሰው ነው።

አሁን አንድ ተቃውሞ አለ፣ ቀላልም አይደለም። «ሰውን አታንሳ» የሚለው። ሰዉ ፎቶ ልሁን ብሎ ከቤቱ አልወጣም። ድካሙን፣ የተቀደደ ጫማውን፣ አብሮት የሚሄደውን ሰው እኔ ለምን ለሺሕ ተመልካች አሳያለሁ? አንዲት ሴት ፊቷን በነጠላዋ ስትሸፍን ያየ ፎቶ አንሺ ካሜራውን ዝቅ ማድረግ አለበት፣ በዚህ አልከራከርም። ከላይ የተነሳው ባዶ ፎቶ ቢያንስ ማንንም አያሳፍርም የሚል ጓደኛ አለኝ፤ እውነቱን ነው። የኔ መልስ፣ ሰውን ማጋለጥና ሰውን ማጥፋት ብቻ አይደሉም ያሉን አማራጮች የሚል ነው። ከሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆነህ ሹተሩን ብታፈጥነው ሰዉ ፊቱ ሳይለይ አካሄዱ ይታያል። ከቅርብ ከሆነ ደግሞ ይጠየቃል።

ስትጠይቅ የሚገጥምህ መልስ ደግሞ ከተቺ ሐሳብ ይሰፋል። ስታዲየም አካባቢ አንድ ሊስትሮ ጫማዬን እየጠረገ ካሜራዬን አየና፣ «አለቃ፣ አንድ ታነሳኛለህ? እናቴ ሆሳዕና ናት፣ እልክላታለሁ» አለኝ። እሺ ብዬ ፊቱን ቀረብ አድርጌ፣ ጀርባውን አደብዝዤ፣ ብርሃኑ አሪፍ የሆነበትን አነሳሁና አሳየሁት። ትንሽ አየው። «ሕንፃውስ?» አለኝ። ዞር ስል ከኋላው ባንኩ ቆሟል። 209 ሜትሩ ሁሉ፣ እኔ ወደ ጭጋግ የቀየርኩት። «እናቴ አዲስ አበባ መሆኔን በምን ታውቃለች?»

እንደገና አነሳሁት። ተንበርክኬ፣ ሰፋ ባለው ሌንስ፣ ቅርቡም ሩቁም እንዲጠራ ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 11 አጥብቤ። ሳጥኑም፣ ቀለሙም፣ እሱም፣ ሕንፃውም፣ በመሀል የሚያልፉት ሰዎችም ገቡ። «አዎ፣ እንዲህ ነው» አለና እዚያው ቴሌግራም አስከፈተኝ።

ይሄን ልጅ የማነሳው እኔን ስለሚያርመኝም ጭምር ነው። እስካሁን ያልኩት ሁሉ የሕንፃ ፎቶ ጠላት ሊያስመስለኝ ይችላል፤ አይደለሁም። ልጁ ሕንፃውን ይፈልገዋል። የባንኩ ሕንፃ በ2014 ዓ.ም. ሲመረቅ ከጠሩት ሰዎች ዝርዝር ውስጥ አልነበረም፣ ውስጡም ገብቶ አያውቅ ይሆናል፤ ግን ፎቶው ውስጥ የሱ ነው። የደረሰበትን ቦታ የሚያስረዳለት እሱ ነው። ሕንፃው ብቻውን ሲነሳ ያቺ እናት ምንም አታነብበትም። ልጇ ብቻውን ሲነሳም እንደዚያው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ደብዳቤ ይሆናል።

ባለሙያ አለመሆን እዚህ ላይ ይጠቅማል። ባለሙያው ደንበኛ አለው፤ ባንኩ ሕንፃውን፣ መጽሔቱ ፊቱን ይፈልጋል። እኛን ማንም አላዘዘንም። ያልተከፈለው ሰው እዚያው ቦታ በየወሩ መመለስ ይችላል፣ ያልተሸጠለትን ጠጠር ጠጠር ያለ ፎቶ ማስቀመጥ ይችላል። ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ጣራ ላይ ስትወጡ፣ ያንን 30 ሴኮንዱን አንሱት፣ አልከለክልም። ከዚያ አይኤስኦውን ወደ 3200 ከፍ፣ ሹተሩን ወደ ሴኮንድ 1/60 ዝቅ አድርጉና ያንኑ ቦታ ድገሙት። ወንዙ ይጠፋል፤ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባሶቹ ሚኒባስ ይሆናሉ፣ በመሀላቸው የሚሻገረው ሰው ይመለሳል። ሥሩ የሰፈሩን ስምና ቀኑን ጻፉበት። ማኪያቶው ሲያልቅ ደግሞ ውረዱ። ቸኩሉ አላልኩም፤ ሰልፉ ላይ ያሉት ሰዎች እስከ ሁለት ሰዓት እዚያው ናቸው።